የፌርዛውያን አፍራሽ

ፌርዛውያንን ጥምድ አድርጌ ነው የያዝኳቸው። ሰው ስንትና ስንት ዘመን በፊት ከምድር ገጽ በጠፋ ሕዝብ ላይ ቂም ይይዛል ወይ ካላችሁኝ፣ ይይዛል፤ እኔ ይዣለሁ። ልጅ ሆኜ ከራት ጋር አብረው ይቀርቡልኝ ነበር። አጎቴ ማንኪያውን አስቀምጦ «እሺ፣ እነዚህ ሰዎች ግን ከየት መጡ?» ይላል። ሚስቱ «ሾርባው ይቀዘቅዛል» ትለዋለች። ሾርባው ይቀዘቅዛል፤ ፌርዛውያን ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ሳህኑ ይነሳል።

ለማታውቋቸው ላስተዋውቃችሁ። ፌርዛውያን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አሉ። አሉ ስል ግን ስማቸው አለ ማለቴ ነው። ከነዓናውያን፣ አሞራውያን፣ ኢያቡሳውያን እየተባለ ሲዘረዘር መሐል ላይ ጣል ይደረጋሉ። የአብርሃምና የሎጥ እረኞች ሲጣሉ በአገሩ ነበሩ። ኢያሱ ሲመጣ ዱር ይዘው ነበር። ሰሎሞን ጉልበት ሲፈልግ ከተረፉት ጋር ተለቅመው ለግዳጅ ሥራ ገቡ። ንጉሣቸው ማን እንደሆነ፣ በምን ቋንቋ እንደሚጣሉና እንደሚታረቁ፣ ማንን እንደሚያመልኩ አንድ ቃል የለም። የባሰው ደግሞ በዘፍጥረት የከነዓን ልጆች አንድ በአንድ ሲጠሩ ኢያቡሳዊው አለ፣ አሞራዊው አለ፣ ጌርጌሳዊው አለ፣ ኤዊያዊው አለ፤ ፌርዛዊው የለም። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ አባት ሲጻፍላቸው እነሱ ሜዳ ላይ ቀሩ። አጎቴን ዕድሜ ልኩን ሲያንገበግበው የኖረው ይኸው ነው።

እኔም አጎቴም የምንሠራው የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅበት ቤት ነው። ቤቱ ከብስክሌት ጎማ መሸጫ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮት ስንከፍት የጎማና የማጣበቂያ ሽታ ይገባል፣ ስንዘጋ እርስ በርሳችን እንታፈናለን። ሥራው የተጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። ከሀ ተነስቶ በፊደል ተራ ይሄዳል፤ ይሄዳል ከተባለ። አጎቴ ጎረምሳ ሆኖ ሲቀጠር አዛውንቶቹ አብርሃምን፣ ሙሴን፣ ዳዊትን ተቀራምተው ጨርሰው ነበርና ለእሱ ፍርፋሪው ደረሰው። ከፍርፋሪው ውስጥ ደግሞ እሱ ልቡ የቀረው ፌርዛውያን ላይ ነው። ፈ የት እንዳለች ታውቃላችሁ፤ ከኋላዋ ፐ ብቻ ናት። አብረውት የተቀጠሩት ጽሑፋቸው እየታተመ ሲመሰገኑ፣ ጡረታ ሲወጡ፣ አንዳንዶቹም ሲቀበሩ፣ አጎቴ ተራ ይጠብቅ ነበር። ባልደረቦቹ «ፌርዛዊው» የሚል ስም አወጡለት። እሱም አይቀየምም ነበር፤ እንዲያውም ስልክ ሲያነሳ «ፌርዛዊው ነኝ» ይላል።

ቤታችን አንድ ሕግ አለው። ማንኛውም ጽሑፍ ጻፊና አፍራሽ አለው። ጻፊው ጽፎ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ እጁን አጥፎ ይቀመጣል፤ ጽሑፉን መነካካት፣ ምንጮቹን ተመልሶ ማሳደድ አይፈቀድለትም። ያ የአፍራሹ ሥራ ነው። አፍራሹ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይገፋል፤ የሚወድቅ ከሆነ ይጥለዋል። ሲጨርስ ከወረቀቱ ጥግ ላይ ወይ «ቆሟል» ወይ «ፈርሷል» ብሎ ይፈርማል። ሕጉን ያወጡት የመጀመሪያው አለቃ ናቸው አሉ፤ የገዛ ልጁን አስቀያሚ ነው የሚል ወላጅ አላየሁም ብለው። እኔ አፍራሽ ነኝ። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ማፍረስ» እያልኩ አንዱ ጎረቤታችን አጥሩን መቼ መጥቼ እንደማፈርስለት ጠይቆኛል።

ዘንድሮ ተራው ፈ ጋ ሲደርስ የአጎቴ ልብ ደከመ። እግሩ አበጠ፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው ትራስ ተደራርቦለት ተቀምጦ ነው የሚተኛው። ሐኪሙ እኔንና የአጎቴን ሚስት ወደ ኮሪደሩ ወስዶ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እንግዲህ ደስ እንዲለው አድርጉ» አለን። ሐኪም እንዲህ ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ነጭ ጋውኑን ጨምድጄ «እንዴት አድርገን?» ልለው ነበር፤ ሌላ በሽተኛ ጠራውና ሄደ።

አጎቴ ጽሑፉን የጨረሰው በአልጋው ላይ ሆኖ ነው። አለቃችን የሥጋ ዘመድ የሥጋ ዘመዱን ማፍረስ የለበትም ብለው ሌላ ሰው ሊመድቡ ሲሉ ደወለና ጮኸባቸው። ትንፋሽ ኖሮት የጮኸው የመጨረሻ ጩኸት ሳይሆን አይቀርም።

«ሌላው ያዝንልኛል» አላቸው። «እሷ አታዝንም።»

እኔ ይህን እንደ ሙገሳ ተቀበልኩት። ምን ያህል ሞኝ እንደነበርኩ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ጽሑፉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ልቡ ያለው ከሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፦ «ፌርዛውያን ከከነዓን ልጆች ወገን አይደሉም። ረሃብ ከሰሜን ተራሮች ያወረዳቸው እንጨት ቆራጮች ናቸው። የሚጠሩበትንም ስም ያወጡላቸው የራሳቸውን መጥራት ያቃታቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው።» ይህን ሐሳብ እኔ በቃሌ ነው የማውቀው፤ በዚያ ሁሉ ሾርባ ላይ ሰምቼዋለሁ። በመሥሪያ ቤቱም ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ስቆበታል። ኢያሱ አንዴ ስለ ዱር ሲናገር የእነሱን አገር ስለጠቀሰ ብቻ እንጨት ቆራጭ ናቸው ይባላል? ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ፌርዛዊ ማለት ቅጥር በሌለው መንደር የሚኖር ባላገር ማለት ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ የሚባል ሕዝብም ጨርሶ አልነበረ ይሆናል ይላሉ። አጎቴ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላ ነበር። «ሰው አጥር ስለሌለው ሕዝብ አይደለም ይባላል? አባት መንሳታቸው አንሶ መኖራቸውንም?» ይላል፤ የገዛ ወንድሞቹን የሰደቡበት ያህል። ማስረጃህ የታለ ሲሉት ግን ድምፁ ይቀንሳል። «ግምቴ ነው» ይላል።

አሁን ግን ማስረጃ ተገኘ። አንድ የድሮ ባልደረባው ከውጭ አገር ወፍራም መጽሐፍ ላከለት፤ በመስኩ አንቱ የተባሉ ፈረንጅ ምሁር የጻፉት። እዚያ ውስጥ ፌርዛውያን ከሰሜን ተራሮች የወረዱ እንጨት ቆራጮች መሆናቸው «በምሥራቅ ሊቃውንት ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ጥንታዊ ትውፊት ነው» ይላል። የአጎቴ ሚስት እንደነገረችኝ ይህን ያነበበ ቀን መጽሐፉን ደረቱ ላይ አስተኝቶ አለቀሰ። «ሌላም የሚያውቅ ሰው አለ» አላት። «ሞኝ አልነበርኩም።» እሷም አብራ አለቀሰች፤ ስለ ፌርዛውያን ሳይሆን ሲያለቅስ አይታው ስለማታውቅ ነው።

እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የፈረንጁን ግርጌ ማስታወሻ ተከተልኩ፤ ወደ ሌላ መጽሐፍ መራኝ። ያኛው ትውፊቱን በእርግጠኝነት ይተርካል፤ ከግርጌው ደግሞ ሦስተኛ መጽሐፍ ይጠራል። ሦስተኛውን የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ ከምድር ቤት አቧራውን እያራገፈች አመጣችልኝ። አንድ ከአገር አገር ሲዞር የኖረ አስተማሪ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ነው፤ ግማሹ ስለ ሆቴሎች ትኋን ነው። ሳገላብጥ ሳገላብጥ አንድ ከሰዓት በኋላ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች ቤት ሻይ እንደጋበዙት የሚተርክበት ቦታ ደረስኩ። ጎማ ጎማ ስለሚሸት ክፍል ያወራል። «እዚያ አንድ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ሊቅ የፌርዛውያንን ጥንታዊ ታሪክ አጫወቱኝ» ይላል። «ሲያወሩ የክብሪት እንጨት እየሰበሩ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራሉ፤ እያንዳንዱ ስባሪ አንድ ነገድ ነው። ፌርዛውያንን ከሁሉም ለይተው ጠርዝ ላይ አስቀመጧቸው።»

በዓለም ላይ ክብሪት እየሰበረ ነገድ የሚደረድር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ቤታችን ውስጥ ምድጃ ሊለኮስ ሲል ክብሪት የሚጠፋው በእሱ ነው። ፀጉሩ ደግሞ በዘራችን ነው፤ ሠላሳ ሳይሞላን ነው የምንሸብተው፤ እኔም የምኖረው እያቀለምኩ ነው። ሽማግሌው ሊቅ አጎቴ ነበር። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ጥንታዊ ትውፊት ያልታተመ የአንድ ጎረምሳ ግምት ነበር። ከሻይ ላይ ተነስቶ፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተሸጋገረ፣ በሄደበት ሁሉ ዕድሜ እየጨመረ፣ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ማስረጃ ሆኖ መጣለት።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ገሠጸችኝ። ቀጥሎ ሳቁ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ እንባዬ በአስተማሪው ትኋኖች ላይ ተንጠባጠበ። እንግዳውን አጎቴ እንደማያስታውሰው እርግጠኛ ነበርኩ። ሻይ ላይ ስለ ፌርዛውያን ያልሰማ ማን አለና።

ለአለቃችን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉት።

«ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው» አሉ። «የቀረን የሱ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ። ምን ልጻፍ?»

«ሌላ ሰው ይኼን ያያል?»

«እኔ አይቻለሁ።»

«እኔ አላየሁም» አሉና መነጽሩን መልሰው አደረጉ። «አልነገርሽኝም። የጻፍሽውን አትማለሁ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔማ ተመስገን ነው፤ ጻፊ ነበርኩ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ከእሳቸው ምን ጠብቄ እንደነበር እንጃ። ብቻ ደረጃውን ስወርድ በጣም ተናድጄ ነበር፤ በእሳቸውም፣ በዚያ ተጓዥ አስተማሪም፣ ሰው ሻይ ጋብዞ ዝም ብሎ በማያጠጣው አጎቴም።

ቤት ስደርስ የአጎቴ ሚስት ማዕድ ቤት ድንች ትልጣለች። እሷና አጎቴ ናቸው ያሳደጉኝ፤ እትዬ ነው የምላት። በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳት። ቢላዋውን ሳታቆም ሰማችኝ።

«እና?» አለች።

«እናማ ማስረጃው እሱ ራሱ ነው። አይቆምም።»

«አንቺ» አለችኝ፤ አሁን ቢላዋው ቆመ። «ሰውዬው እየሞተብኝ ነው። ፌርዛውያኑ እንደሆኑ ሞተው አልቀዋል፤ አይቀየሙሽም።»

«እትዬ፣ ይታተማል እኮ። ሰው ያነበዋል።»

«ማን ነው የሚያነበው? እስቲ አንድ ሰው ጥሪልኝ። እኔ አብሬው ስኖር ስለነሱ የጠየቀ ሰው አላየሁም፤ እሱ ሲያወራ የሸሸ ነው ያየሁት።» አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «አንድ ቃል ናት። ጻፊለትና ደስ ብሎት ይሂድ።»

ወረቀቱን አውጥቼ ከድንቹ ልጣጭ አጠገብ ዘረጋሁትና ብዕሬን አነሳሁ። «ቆ» ብዬ መጀመር አቃተኝ። «ፈ» ብዬም መጀመር አቃተኝ። ስንቱን ዶክተር፣ ስንቱን መምህር ዓይኔን ሳላሽ አፍርሻለሁ፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ያን ዕለት እጅ እግሬ ታስሮ ወረቀቱን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ቢጠይቀኝ እውነቱን ለመናገር ወሰንኩና ወደ ክፍሉ ገባሁ።

እሱ ግን ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። እትዬ ጠዋት ላጭታው፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳዋለች፤ ቁልፉ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ፈተና ውጤት የሚቀበል ተማሪ ነው የሚመስለው።

«እሺ አፍራሽ» አለኝ። «የፈረንጁን ምንጭ ደረስሽበት?»

«ደርሼበታለሁ፣ ጋሽዬ።»

«ማን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። «አንተ ነህ» ማለት ምን ያህል ነው? ሁለት ቃል ናት። ፊቱን ሳይ ግን ሌላ ነገር ወጣኝ።

«አንድ ሊቅ ነው» አልኩት።

ከትራሱ ቀና አለ። «ሊቅ? ከመጽሐፍ አይደለማ? ሰው ነው?»

«ሰው ነው።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ» አልኩ። ይህኛው እውነት ነበር።

«አለ!» አለ። እጁን ሰድዶ እጄን ያዘኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ለዚያ ቀዝቃዛ እጅ ስል የተጠየቅሁትን ሁሉ እንደምመልስ ያኔ ገባኝ። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«ያንተ እኩያ ይሆናል።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ደግ ነው። ግትር ነው። ሚስቱን ያደክማል።»

«የተማረ ሁሉ ሚስቱን ያደክማል» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበትና እስኪያልፍለት ጀርባውን ደገፍኩት። «ወደ እኔ ማምጣት አይቻልም? እኔ እንደማልሄድ ታያለሽ።»

«እሱም ታሟል። ከአልጋ አይነሳም።»

«ምስኪን» አለ አጎቴ። ከልቡ ነው ያዘነለት። ትንሽ አሰበና ጣቱን አነሳ፤ ይህ የመሥሪያ ቤቱ ጣት ነው፤ አውቀዋለሁ። «እንግዲያው አንቺ ሄደሽ ጠይቂልኝ። ከየት አገኘው? ከመምህሩ ሰምቶ ነው? መምህሩስ ከማን? ያ ሥር ካለው የእኔም ሥር አለው ማለት ነው። እሱን ብቻ ካወቅሁ ይበቃኛል።»

እትዬ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። ስወጣ ክንዴን ይዛ «ምን አደረግሽ?» አለችኝ። ምን እንዳደረግሁ እኔም አላውቅም ነበር።

በማግስቱ «ልጠይቅ ሄድኩ» ብዬ ከቤት ወጣሁ። የት እሄዳለሁ? አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡስ ሲመጣ ሾፌሩ ያየኛል፤ በእጄ ሂድ እለዋለሁ። አንድ መምህር ፈጥሬ ገድዬ ባስገባ ነገሩ ያልቅ ነበር። «ሊቁ ከመምህሩ ነው የሰማው፤ መምህሩ ከአባቱ፤ ሁሉም ሞተዋል» ማለት ብቻ ነው። ፊታቸውን ሁሉ አሰብኩላቸው፤ አንዱን ፂም አበቀልኩለት። ምን ይደረጋል፣ የውሸት መምህር ስፈጥር እንኳ በሙያዬ አፈርሰዋለሁ፤ መቼ ኖረ፣ የት አስተማረ፣ ማን አየው እያልኩ። ደግሞ እውነተኛውን መልስ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን አጎቴን «አንተስ ከየት አመጣኸው?» ብዬ ጠይቄው «እንጃ፤ ስሄድ ዝም ብሎ መጣልኝ» ብሎኛል። የጥያቄው ሥር ያ ነው። ሌላ የለም። ፀሐይ አናቴን እስኪመታኝ ተቀምጬ ፂማሙን መምህር ይዤ ተመለስኩ።

አጎቴ ብሶበት ነበር። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ በአንድ ትንፋሽ ከሁለት ቃል በላይ አይወጣውም። እትዬ ከግርጌው ተቀምጣ እግሩን ታሻለች። ስገባ አየችኝና በዓይኗ ለመነችኝ። አይዞሽ ዋሺልኝ እንደምትል ገብቶኛል፤ እኔም ለመዋሸት ነበር የመጣሁት።

«ሄድሽ?» አለ።

«ሄድኩ።»

«ምን አለ?»

ያን ፂማም ሰው ልጠራ ነበር፤ እምላለሁ። አጎቴ ግን ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ ሲጠብቅ፣ የልጅነት ማንኪያዬን ሲይዝልኝ እንደነበረው በትዕግሥት ሲጠብቅ፣ መዋሸቱ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

«እንጃ አለ» አልኩ። «ከየት እንዳመጣው አያውቅም። ዝም ብሎ መጣልኝ ነው ያለው።»

እትዬ እጇ እግሩ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ዝም ብሎ?» አለ አጎቴ።

«ዝም ብሎ።»

«የሰማው... ሰው የለም?»

«የለም፣ ጋሽዬ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ አየው ነበር። መዳፉ አንሶላውን ጨበጥ ለቀቅ አደረገ። በቃ ገደልኩት አልኩ በሆዴ። ዓይኑን ሲገልጥ ግን የመሥሪያ ቤት ዓይን ነበር።

«እንግዲያው ፈርሷል» አለ።

«እኔ እኮ አላፈረስኩትም። ገና አልፈረምኩም።»

«ሥር የለውም። ፈርሷል። ወረቀቱን... አምጪው።»

«ይቆይ፤ ትንሽ ረፍ በል» አለች እትዬ፤ ለእሱ ትበል እንጂ የተቆጣችው እኔን ነው።

«ማተሚያ ቤቱ ይጠብቃል» አላት። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር በጣቱ አሳየኝና ሰርዢ አለኝ። ሰረዝኩ። መስመሩ እንዳይጣመም ብዬ ቀስ ብዬ ነው የሰረዝኩት፤ ለምን ለመስመሩ እንደተጨነቅሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም። «ጻፊ» አለኝ። «የፌርዛውያን ምንጭ... አይታወቅም።» ጻፍኩ። «አራት ነጥብ አድርጊ» አለ። አደረግሁ። ከጥግ ላይ ፊርማዬን አኖርኩ። የዕድሜ ልክ ጥያቄው በአንዲት መስመር አለቀ፤ እሱ ራሱ አስጨርሶኝ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ወረቀቱን አጠፍኩ፤ እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«ለሰውዬው ግን... አዘንኩለት።»

«ለየትኛው ሰውዬ?»

«ለሊቁ ነዋ። ይኼን ሁሉ ዘመን ብቻውን... ይዞት ኖሮ።» ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቅሁ። «ደግመሽ ትሄጃለሽ አይደል?»

«እሄዳለሁ።»

«መፍረሱን አትንገሪው። ያዝናል። ሌላም ሰው... እንደሱው አስቦ ነበር በይው። ደስ ይለዋል።»

እሺ አልኩት። ሌላ ሰው እንዳልነበረ እያወቅሁ፣ እጁን እንደያዝኩ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ እሺ እነግረዋለሁ አልኩት።